«አለ» የሚለው ገጽ

ካሽ የሚባለው ቃል ባይኖር ኖሮ ከአለቃችን ጋር ካደረግነው ንትርክ ግማሹ በቀረ ነበር። መጀመሪያ ከአፌ የሰማ ዕለት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «ካሽ? አሁን ካሽ ከየት ይመጣል? ደሞዙም በስንት መከራ ነው» አለኝ።

«የገንዘቡን ካሽ አይደለም» አልኩት። «ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነገር አንዴ ያመጣና ሜሞሪው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለመጣው ሁሉ ከዚያው ይሰጣል እንጂ በየጊዜው መረጃው ሁሉ ወደሚከማችበት ዳታቤዝ አይመላለስም።»

«ታዲያ ሌላ ስም አጥተው ነው?»

ስሙን እኔ እንዳላወጣሁት ነግሬው ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ጉዳዩ በዚሁ ተድበስብሶ ቀረ። ሰንበትበት ብዬ ደግሜ ሳነሳበት፣ እሱ የዚያን ሰሞን ያሳሰበው የድርጅቱ አርማ ገጹ አናት ላይ እየተሽከረከረ እንዲታይ ነበር። «ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው» አለኝ። ገጹ ካልተከፈተ አርማውንም አያየውም ብዬ ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት። አርማውን አሽከረከርኩለት።

ቢሯችን ነፋስ ስልክ፣ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ካለበት ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከሥር የብረት መቁረጫው መጮህ ሲጀምር ስልክ የሚያወራ ሰው ወደ ደረጃው ይሮጣል። አራት ነን። አለቃችን አርባን ገና ያለፈ፣ «አንቱ አትበሉኝ ታስረጁኛላችሁ፣ ቦስ በሉኝ» የሚል ሰው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ከደቡብ የመጣ፣ እሁድ እሁድ ቸርች የሚዘምር፣ እንደ እኔው ፕሮግራመር የሆነ ደግ ሰው። ሲቆጡት ድምፁን ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል፤ ይኼ ጠባዩ ከምንም በላይ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የምጮኸው እኔ ብቻ እሆናለሁ። አራተኛዋ ስልክ የምታነሳው ልጅ ናት።

የምንሠራው ዌብሳይት፣ ሰው የመድኃኒቱን ስም ሲጽፍ የትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለው የሚነግር ነው። ማዘዣ ይዞ ከበር ወደ በር፣ «የለም፣ እስቲ እዚያ ማዶ ሞክሩ» እየተባለ የዋለ ሰው ጥቅሙን አስረዱኝ አይልም። መድኃኒት ቤቶቹ የገባላቸውንና ያለቀባቸውን በስልካቸው ይነግሩናል፣ እኛ ከስሙ አጠገብ «አለ» ወይም «የለም» ብለን እናሳያለን። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ሰው ፊት የማላፍርበት ይኼ ብቻ ነው።

ችግሩ ቀርፋፋነቱ ነበር። ገጹ አንዴ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ሰው በከፈተው ቁጥር ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይሠራዋል። እሱን ለመሥራት ደግሞ የሰፈሮቹን ዝርዝር፣ የመድኃኒት ቤቶቹን ስምና አድራሻ፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ከዳታቤዙ ይጠይቃል። ይኼ ሁሉ ነገር ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ሃና ማርያም ቁጭ ብሎ ለከፈተውም፣ ሳሪስ ቆሞ ለከፈተውም ዝርዝሩ ያው ነው። ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ይጠየቃል። ጠዋት ሰው ሲበዛ ዳታቤዙ ይንገዳገድና ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ «ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ማለት ሥራዋ ሆነ።

ፈቃዱ የተገኘው አለቃችን አማቱ ቤት ዌብሳይቱን ሊያሳይ ስልኩን አውጥቶ ገጹ አልከፈት ያለው ጊዜ ነው። በማግስቱ ገና ደረጃውን ሳይጨርስ ድምፁ ተሰማኝ።

«ያንን ካሽ የምትይውን ዛሬውኑ አስገቢ!»

አስገባሁት። የሰፈሮቹና የመድኃኒት ቤቶቹ ዝርዝር ብዙም ስለማይለዋወጥ ሜሞሪው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ አደረግኩ። «አለ» እና «የለም» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ፣ ያውም መድኃኒት ቤቱ ለውጥ ሲነግረን ወዲያው ከሜሞሪው ተጥሎ አዲሱ እንዲተካ አደረግኩ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ዌብሳይቱ ላይ በራሱ ስም ሲገባ የሚያየው ሰላምታ ደግሞ የግሉ ስለሆነ የጋራው ሜሞሪ ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ ለባልደረባዬ አስጠነቀቅኩት።

አስጠነቀቅኩት ብል ምን ዋጋ አለው። ይበልጥ ይፈጥናል ብሎ አንድ ቀን ገጹን ከነሰላምታው እንዳለ ሜሞሪ ላይ አስቀመጠው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዌብሳይቱን የከፈተ ሰው ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» ተብሎ በአንድ ፋርማሲስት ስም ሰላም ይባል ጀመር። የመጀመሪያው ስልክ ሲመጣ እኔ ነበርኩ ያነሳሁት።

«እህት፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም» አለኝ ሰውየው፣ ተጨንቆ። «ጋራዥ ነው የምሠራው። የሰው ስም ውስጥ ገብቼ እንዳልጠየቅ ብዬ ነው።»

ባልደረባዬን ዞሬ አየሁት። «ይቅርታ እህቴ፣ ለፍጥነት ብዬ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰላምታውን ከሜሞሪው አስወጣነው። የጋራዡ ሰውዬም ሆነ ያ ፋርማሲስት ነገሩን በሳቅ አለፉት። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ዌብሳይቱ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ ይሮጥ ስለነበር አኩርፌም አልቆየሁ።

የወንድሜ ሰርግ ደረሰና ፈቃድ ወጥቼ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። ስመለስ አለቃችን በር ላይ ተቀበለኝ። ፊቱ በርቷል።

«ሁለት ሆነናል!» አለኝ።

ሁለተኛ ሰርቨር፣ ገጹን ለሰው የሚያቀርብ ሌላ ማሽን፣ ተጨምሯል። ሥራችንን ሊደግፉ ያሰቡ ሰዎች ለጉብኝት ሊመጡ ነው፤ በአንድ ማሽን ብቻ መታየቱ አሳፍሮታል። የሚመጣው ሰው ግማሹ ወደ አንደኛው፣ ግማሹ ወደ ሁለተኛው ማሽን ይላካል።

«ሜሞሪያቸውን እንዴት አደረጋችሁት?» አልኩ።

«እንዴት ማለት?» አለ ባልደረባዬ። «እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው።»

የፈራሁትም እሱኑ ነበር። አስቀምጬ አስረዳኋቸው። መድኃኒት ቤቱ «አለቀብኝ» ሲል መልእክቱ የሚደርሰው ከሁለቱ ለአንዱ ነው። የደረሰው ማሽን አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይይዛል። ያኛው ግን አልሰማም፤ አሮጌውን «አለ» ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱ ሰው «አለ»፣ ሌላው «የለም» ያያል። ወይ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ የጋራ ሜሞሪ ይኑር፣ ወይ ሁለተኛው ማሽን ይውጣ።

«እስካሁን ያማረረ ሰው አለ?» አለኝ አለቃችን።

«እስካሁን የለም፣ ግን...»

«አንቺ ደግሞ ሁሌ ማሟረት ነው። እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፣ ከዚያ እናየዋለን።»

ያልነገሩኝ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ኋላ ነው የሰማሁት።

የምኖረው ፉሪ ነው። የተከራየሁት የግቢውን አንድ ክፍል ነው። አከራዬ የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። በፊት የባላቸው ቤተሰብ ጤፍ ያበቅልበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅና አጥር ሆኗል፤ እሳቸው ሁለት ላም ቀርታቸው ወተት ለሰፈሩ ይሸጣሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ሆዳቸው ሲባባ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲናደዱ ደግሞ «አንቺ» ብቻ። አብራቸው የምትኖረው የመጨረሻ ልጃቸው የፀጉር ሥራ የምትማር፣ ምላሷ ስል የሆነ ወጣት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ እስከዋጠች ድረስ ምንም አትሆንም። ሥራዬ ምን እንደሆነ ያወቁ ጊዜ እትዬ ጎረቤቱን ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ እኮ መድኃኒት ያለበትን የምታውቅ ናት» እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ነው። ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠብኩ እትዬ የብረት በሩን በኃይል ገፍተው ገቡ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሟል፣ አቧራ ለብሰዋል።

«አንቺ!» አሉኝ።

እጄ ላይ አረፋው እንዳለ ተነሳሁ።

«ብስራተ ገብርኤል ድረስ ነው የሄድኩት። በሦስት ታክሲ! ልጅቷ በስልኳ አየችልኝ፣ አለ አለ። ስደርስ ዶክተሩ ምን አለኝ? ከትናንት ወዲያ አልቋል አለኝ። ይኸው ስልኩ!»

የልጃቸውን ስልክ ዘረጉልኝ። እውነትም «አለ» ይላል፣ በአረንጓዴ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ በራሴ ስልክ ከፈትኩ። ያው መድኃኒት፣ ያው መድኃኒት ቤት፤ «የለም» ይላል፣ በቀይ። ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን ይዤ ቆምኩ። ልጅቷ ከቤት ወጥታ በትከሻዬ በኩል አየች።

«ሪፍሬሽ አድርጊው» አለችኝ።

አደረግኩ። የእኔው ወደ «አለ» ተለወጠ። የእሷን ነካሁት፣ «የለም» አለ።

«ዋቃዮ!» አሉ እትዬ፣ አምላካቸውን ጠርተው። «እንግዲህ የትኛውን ልመን?»

ሁለት ማሽን፣ ሁለት ሜሞሪ ብዬ ላስረዳቸው ጀምሬ በመሃል አፌን ዘጋሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ስሚኝ ኢንተላ ኮ። የለም ቢለኝ አልከፋም። የለምን ለምጄዋለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የለም ነው የተባልኩት። አለ ብሎ ጠርቶኝ ነው የቆጨኝ።»

ለመጣላትም ለማዘንም ጊዜ አልነበረም፤ ልጅቷ የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጠችው ትናንት ማታ ነው። ልብሱን መዘፍዘፊያው ውስጥ ትቼ ቁጭ አልኩና መድኃኒት ቤቶቹ ጋ አንድ በአንድ እደውል ጀመር። ግማሹ አያነሳም። ግማሹ «ቆይ ልየው» ይልና መስመሩ ይቋረጣል። ይኼንን መከራ ለማስቀረት ብዬ ስንት ጊዜ የለፋሁ ሰው፣ ቅዳሜዬን በስልክ ስለምን ዋልኩ። በመጨረሻ ላፍቶ አካባቢ አንዲት ሴት፣ «አለን፣ ትናንት ነው የገባው። ማዘዣውን ግን ዋናውን ይዛችሁ ኑ» አለችኝ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ልጅቷ። «ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሰልችቶኛል።»

እናቷ አይሆንም አሉ፣ እሷ እሺ አላለችም። ሦስታችንም ወጣን። ሃና ማርያም የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩም ከባድ ነበር። ልጅቷ ስለ አንዲት አስተማሪዋ ጠባይ እያወራችልኝ ሳለ ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ዓይኗ ሄደ። ከመውደቋ በፊት በብብቷ ይዣት አብሬያት መሬት ደረስኩ።

ሰው ከበበን። ከየት እንደመጣ የማላውቀው አንድ ሰው ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። ሌላውም ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

«ክብሪቱን አርቁ!» አሉ እትዬ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «በሽታ ነው፣ ጋኔን አይደለም! ነፋስ ልቀቁላት!»

ነጠላቸውን አውልቀው አጣጥፈው ከጭንቅላቷ ሥር አደረጉላት። በጎኗ አስተኟት። ሰውየው ክብሪቱን አጥፍቶ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ሲደረግ አይቼ ነው» እያለ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ መንፈራገጡ ተዋት፤ መተንፈሷ ግን ከበድ ብሎ ቀጠለ። ሰልፍ ላይ የነበሩ ሴቶች ባጃጅ አስቁመው እናትና ልጅን ወደ ቤት ጫኑልኝ። እኔ ማዘዣውን ይዤ ብቻዬን ወደ ላፍቶ ሄድኩ። መድኃኒቱ አለ። ሴትዮዋ መስኮት ላይ ስትሰጠኝ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «በእርግጥ አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። እጄ ላይ ይዤው።

ስመለስ ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተኝታ ነበር፣ ነቅታለች። ከንፈሯን ነክሳ ነበርና አብጧል። ኪኒኑን በውሃ ዋጠችና አየችኝ።

«ኮምፒውተራችሁንም እንደኔ ይጥለዋል መሰለኝ» አለችኝ። «መድኃኒት የለውም?»

እናቷ ሊቆጧት ፈልገው ሳቅ አመለጣቸው። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ የወጣኝ ግን እንባ ነበርና ወደ ልብስ አጠባዬ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ማንንም ሰላም አላልኩም። አለቃችንን የራሱን ስልክ እንዲያወጣ ጠየቅኩት። የእኔን አጠገቡ አደረግኩ። ያንኑ መድኃኒት በሁለቱም ጻፍን። አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም»። ሁለቱንም አገላብጦ አየ።

«ኔትወርክ ነው» አለ።

«ኔትወርክ አይደለም ቦስ! ኔትወርክ ገጹን ያዘገየዋል እንጂ «አለ»ን ወደ «የለም» አይለውጥም!»

«እሺ፣ ሪስታርት አድርጉት።»

ይህቺን ቃል! የትኛውም ችግር ቢመጣ የእሱ መድኃኒት ይህችው ናት። አታድርጉ አልኩ። ማሽኖቹ ሲጠፉ ሜሞሪያቸው ባዶ ይሆናል፤ ሲበሩ የመጣው ሰው ሁሉ ዝርዝሩን ባዶ ሜሞሪ ውስጥ ሲያጣው ሁሉም በአንዴ ዳታቤዙ ላይ ይዘንባል፤ ሰኞ ጠዋት ነው፣ አይችለውም አልኩ። ባልደረባዬን አየሁት። እሱ አለቃችንን አየ። አለቃችን ራሱ ሄዶ ሁለቱንም አጠፋና አበራቸው።

ወደ ምሳ ሰዓት እስኪጠጋ ድረስ ገጹ ለማንም አልተከፈተም። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይጮሃል። ከሥር የብረት መቁረጫው ይጮሃል። አለቃችን መሃል ቆሞ፣ «አሁንስ እንደገና ሪስታርት ብናደርገውስ?» አለ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ደረጃው ላይ ሄጄ ቆምኩ። እዚያ ነው ባልደረባዬ ተከትሎኝ የመጣው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር አለ» አለኝ፣ እንደ ልማዱ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል፣ አይሰማም!»

«አንቺ ሰርግ ላይ ሳለሽ... ያ ጥቂት ደቂቃ ያልሽውን ቦስ ወደ ሙሉ ሳምንት አስረዝምልኝ አለኝ። ይበልጥ ይፈጥናል ብሎ። እኔም አስረዘምኩት።»

ያልሰማው ማሽን አሮጌውን ወሬ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለቀናት ሲያወራ ነበር ማለት ነው። እትዬ ብስራተ ገብርኤል ድረስ የሄዱት ለዚያ ነው። ስለ ልጅቷ ነገርኩት፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ክብሪቱ፣ ስለ ከንፈሯ። ፊቱ ተለወጠ። ገብቶ ጊዜውን ወደ ነበረበት መለሰው። አለቃችንን አልጠየቀም። በማግስቱ ደግሞ ለልጅቷ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ተቆጥቶ መቆየት አይቻልም፤ እሱም ራሱ ያናድዳል።

ሁለተኛውን ማሽን ግን ማስወጣት አልቻልኩም። እንግዶቹ ሐሙስ ይመጣሉ። እስከዚያው ቢያንስ ከእያንዳንዱ «አለ» ሥር መድኃኒት ቤቱ መጨረሻ የነገረን መቼ እንደሆነና ስልክ ቁጥሩ ይጻፍ፣ «ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ» ይባል አልኩ።

«ገጹን ያቆሽሸዋል» አለ አለቃችን። «ደውሉ ካልን እኛ ለምን እናስፈልጋለን?»

እኔ የምሠራውን ገጽ እኔ ራሴ አላምነውም አልኩት። ለአከራዬ፣ አትመኑት ብዬ ነው የወጣሁት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይህን ሐሙስ ዕለት እንዳትናገሪ» አለኝ።

ሐሙስ መጣ። በዚያ ሐሙስ አንድ ነገር እንዲፈጠር የጠበቅኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስልካቸውን አወጡ። አንዷ ሴት የራሷን የደም ግፊት መድኃኒት ፈለገች፤ «አለ» አላት። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ያንኑ ፈለገ፤ «አለ» አለው። ሪፍሬሽ አደረጉ፤ «አለ»። አርማው ይሽከረከራል። የብረት መቁረጫው እንኳ ዝም ብሏል፤ አለቃችን ወርዶ ለምኗቸው ነው። ሴትዮዋ ሻይዋን እየጠጣች፣ «በጣም የሚያኮራ ሥራ ነው» አለች። ሁሉም ነገር እንከን አልነበረበትም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሻለሁ።

እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ አለቃችን እያፏጨ ነበር። ጠረጴዛዬን በእጁ መታ መታ አደረገና፣ «በይ እንግዲህ፣ ያንን የጋራ ሜሞሪ የምትይውን የፈለግሽውን አድርጊው» አለኝ። በቃ። የሰው መከራ ያላስወሰነውን፣ ደስታ አስወሰነው። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ከባልደረባዬ ጋር ሠራነው። ከሁለቱ ማሽኖች ጎን አንድ ሜሞሪ ብቻ የሚይዝ ሦስተኛ አቆምን፤ ሁለቱም የጋራውን ነገር ከእሱ ይጠይቃሉ። መድኃኒት ቤቱ ለየትኛውም ቢናገር ለውጡ እዚያ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል። ሜሞሪው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ሁሉም ወደ ዳታቤዙ እንዳይዘንብ፣ አንዱ ብቻ ሄዶ እንዲያመጣና ሌሎቹ እንዲጠብቁት አደረግን። የመጨረሻ መረጃ የመጣበትን ሰዓትና ስልክ ቁጥሩንም አስገባሁ፤ አለቃችን ሲያየው ፊቱን አጨማደደ እንጂ አውጪው አላለኝም። በተለያየ ስልክ ደጋግመን ሞከርነው። አንድ ነገር ነው የሚለው።

እረፍት አገኘሁ ብዬ ሳምንትም ሳልቆይ የእትዬ ልጅ ስልኳን ይዛ ክፍሌ መጣች። ብስራተ ገብርኤል ያለው ያ መድኃኒት ቤት እንደገና «አለ» ይላል። በእሷም በእኔም ስልክ «አለ» ይላል። እሷ ግን ተምራለችና ደውላለች፤ «የለም» ተብላለች። ከሥሩ የሚታየው የመረጃ ቀን ደግሞ የቆየ ነው፤ ሰውየው መድኃኒቱ እንደገና ገባልኝ ካለን ወዲህ ምንም አልነገረንም።

ራሴ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መስኮቱ ኋላ ቆሟል። ከየት እንደመጣሁ ነገርኩትና፣ «ሲያልቅብዎት ለምንድነው የማይነግሩን?» አልኩት።

«ሥራ ይበዛብናል እህቴ።»

«አንዴ መንካት ብቻ እኮ ነው፣ ዶክተር።»

ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ? በፊት እነግራችሁ ነበር፤ ግን የለም ብዬ ከጻፍኩ ሰው አይመጣም። አለ ካልኩ ይመጣል። ያ ባይኖር ሌላ ነገር ገዝቶ ይወጣል።»

ያንን ሁሉ ሰሞን ማሽን ከማሽን ጋር እንዳይጣላ ስለፋ፣ ሰውየው ሆን ብሎ እንደሚዋሽ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። «በሦስት ታክሲ የመጡ እናት ምን ገዝተው ወጡ?» አልኩት። አላስታወሳቸውም።

ገጹ ላይ «ሄጄ አጣሁት» የሚል አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። ሰዎች ሲነኩት ከመድኃኒት ቤቱ ስም ሥር ለሁሉም ይታያል። አለቃችን ገና ሳይጀመር፣ «መድኃኒት ቤቶቹ ይሸሹናል» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፤ ባልደረባዬ ቡና ሊያዝ ወጣ። ጥቂት መድኃኒት ቤቶች ደውለው ተቆጡ፣ አንዱ እንደውም ስሜን አውጡ አለ። ሌሎቹ ግን ቁልፉ እንዳይነካባቸው ሲሉ «የለም»ን በጊዜው መጻፍ ያዙ፤ የብስራተ ገብርኤሉም ጭምር። እትዬ አሁንም ስልኩን አያምኑትም። ልጃቸው እያየችላቸውም፣ «ደውይና ድምፅ አሰሚኝ» ይላሉ። ባለፈው በብስራተ ገብርኤል ሳልፍ የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ ገባሁ። ፋርማሲስቱ ለየኝ። እንደ ማንኛውም ገዢ ሂሳቡን ተቀበለኝ፣ መልሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ከኋላዬ የቆመውን ሰው፣ «እርስዎስ፣ ምን ልርዳዎት?» አለው።